በጥርሱ የሚሰማው መካኒክ

መካኒኩን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጆሮው» በሚል ቅጽል ስም ነው። በአንድ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። የታመመ መኪና ሲመጣለት ወደ መፍታት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ያዳምጠዋል። ረጅሙን ካቻቢቴ ከቱታው ኪስ ያወጣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። «ሁለተኛው ቫልቭ ነው» ካለ፣ ሲከፈት የሚገኘው ሁለተኛው ቫልቭ ነው። ወጣቶቹ መካኒኮች አሁን አሁን ኮምፒውተር እየሰኩ ብልሽቱን ከስክሪን ያነባሉ። እሱ በዚህ አይቀየምም። ኮምፒውተሩ ግራ ሲጋባ ወደ ማን እንደሚሮጡ ያውቃልና፣ ሲጠሩት ትንሽ አስጠብቆ ነው የሚነሳው።

ከአምስት ዓመት ወዲህ ግን እጀታውን ጆሮው ላይ ማድረጉን ትቶ በጥርሱ መንከስ ጀመረ። ለምን ቢሉት «እንዲህ ሳደርግ ጥርት ብሎ ይሰማኛል» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። የጋራዡ ሰዎችም የሙያ ምስጢር መስሏቸው ተገረሙ እንጂ አልጠረጠሩም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ባለሱቁም፣ የሚኒባሱ ረዳትም ሰውዬው መስማት እያቃተው እንደሆነ ካወቁ ቆይተዋል። ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። በእሱ ቤት ሰው ሁሉ ማጉተምተም ጀምሯል፤ ከሁሉም የባሰችው ደግሞ ሚስቱ ናት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። መስኮቱ ሥር፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ታወራለች። እሱም ሶፋው ላይ ሆኖ ተናግራ ጨርሳ ትከሻዋ ቀጥ ባለ ቁጥር «እሺ፣ ጥሩ ነው» ይላታል። የሠላሳ ዓመት ትዳር «እሺ፣ ጥሩ ነው» እየተባባለ ብዙ ርቀት ይሄዳል። እሷ መደንቆሩን አላመነችም። የቫልቭ ኮሽታ የሚሰማ ሰው እንዴት ይደነቁራል? ለእሷ ባሏ ሆን ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ነው። በዚህም ሆድ ባሳት።

አንድ ቀን ከሥራ እንደገባ፣ መስፋቷን ሳታቋርጥ አንድ ነገር ነገረችው። ሁልጊዜ ከምታወራው ረዘም ያለ ነበር። ስትጨርስ ትከሻዋ ቀጥ አለ።

«እሺ፣ ጥሩ ነው» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሴት ልጃቸው መጣች። ሚስቱ ሻንጣዋን አስራ በሩ አጠገብ አቁማለች። እሱ የጥየቃ ጉዞ መስሎት በደስታ ሚስቱን ስንት ቀን እንደምትቆይ ጠየቃት። እናትና ልጅ ተያዩ።

ሚስቱ ይሄን ጊዜ ፊት ለፊት ቆማ ጮኸችበት፦ «አንተ አይደለህ እንዴ ጥሩ ነው ያልከው?»

«ምኑን?»

ልጅቷ ነገሩ ገባት። በዝግታ ከኋላው ዞራ «አባዬ» አለችው። አልዞረም። ትንሽ ከፍ አድርጋ ደገመችው። እሱ አሁንም ሚስቱን እያየ መልስ ይጠብቃል። ሚስቱ እዚያው ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቀን ምን እንዳለችው ቢጠይቃት «ሲሰማ እነግረዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ተጮኾ አይነገርም» ብላ ለልጇ መለሰች። እሱም ልጁ ይህን ወደ ጆሮው ተጠግታ ስትነግረው ፈራ። የሻንጣው ነገር ገብቶታል።

ሰኞ ዕለት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሟ የልጃቸው እኩያ ናት። ሚስቱ ገና ሳትጠየቅ ክሷን አቀረበች፦ «ለሞተር ይሰማል። የደነቆረው ለእኔ ነው።»

ሐኪሟ አልሳቀችም። ወደ ጆሮው ተጠግታ «ሞተሩን እንዴት ነው የሚያዳምጡት?» አለችው። ካቻቢቴውን አውጥቶ እጀታውን ነከሰና አሳያት። ሐኪሟ ብድግ አለች። ሲመቱት የሚርገበገብ የብረት ሹካ ከመሳቢያ አውጥታ ጆሮው አጠገብ ያዘችው፤ ምንም አልሰማም። የሹካውን እግር ከጆሮው ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ስታሳርፈው ግን ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባባ፣ የውስጥ ጆሮዎ ጤነኛ ነው» አለችው። ድምፅ የሚያሻግሩት ትንንሽ አጥንቶች ደርቀው መንገዱ እንደተዘጋ፣ እሱ ግን ሳያውቀው በጥርሱና በራስ ቅሉ በኩል ሌላ መንገድ እንዳገኘ አስረዳችው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። አምስት ዓመት ሙሉ በከንቱ ተቀይማው ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐኪሟ የልብስ ቁልፍ ያህል መሣሪያ በራሱ ዙሪያ በሚጠመጠም ቀበቶ አድርጋ ከጆሮው ጀርባ አሰረችለት። ድምፁን ተቀብሎ አጥንቱን የሚያንቀጠቅጥ ነው። «ያው የእርስዎ ካቻቢቴ ነው፣ አነሰ እንጂ» አለችው። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ቆመ። የገዛ ጫማው ድምፅ ሳይቀር አስደነቀው። መሣሪያውንም፣ ሐኪሟንም፣ ይህን ያሰበውን የማያውቀውን ሰውም መረቀ።

ቤት ሲገቡ ሻንጣው እንደታሰረ ነበር። ሚስቱ ሁለቱን ሳምንት አልፈታችውም። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መስፋት ጀመረች።

«ያን ቀን ያልሽኝን ድገሚልኝ» አላት።

ዘወር አላለችም። መኪናዋን እየረገጠች፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ ደገመችለት፦ «ልጄ ጋ ልሄድ ነው። ሰው እያለኝ ብቻዬን ማውራት ሰለቸኝ። ቅሪ ካልከኝ ግን እቀራለሁ።»

«ቅሪ» አላት። «እባክሽ ቅሪ።»

እሷ መርገጧን ቀጠለች፤ ስፌቱ ግን ተጣመመ። እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ሊያዳምጥ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«መኪናሽ ሲጢጥ ይላል። ዘይት ይፈልጋል።»

መርገጧን አቆመች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግርህ ‹እሺ፣ ጥሩ ነው› ስትለኝ አልነበር?»

አፍሮም ስቆም ዘይት ሊያመጣ ወጣ። ሲመለስ ሻንጣው በሩ አጠገብ አልነበረም።