ያፈንኩት ደወል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም፤ የንስሐ አባቴም አልሰሙትም። ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር እዚህ ስደርስ እዘለዋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው።

ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር ባለ አንድ የግል ሆስፒታል የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ጄኔሬተሩም፣ ውሃውም፣ የቀዶ ጥገና ክፍሉ መምጠጫም በእኔ እጅ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትልቅ የቫክዩም ፓምፕ አለ። ግድግዳውን ይዞ በሚሄደው ቧንቧ አየር እየሳበ ከበሽተኛ ጉሮሮ ደምና ትውከት የሚያወጣው እሱ ነው። ከመጠን በላይ ሲግል የሚያቆመው የሙቀት ስዊች አለው። ፓምፑ ሲቆም ደግሞ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ደወል ይጮኻል።

ያን ሰሞን የጁባ ሙቀት አናት ይበሳ ነበር። ስዊቹ ፓምፑን በየጊዜው ያቆመዋል፤ ደወሉም ይጮኻል። ተጠባባቂው ፓምፕ ተፈታትቶ ከካምፓላ የሚመጣ ዕቃ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ፣ «ሙሃንዲስ፣ ይሄን ነገር አንድ አትለውም እንዴ?» አለኝ። ሙሃንዲስ በጁባ አረብኛ መሐንዲስ ማለት ነው። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ መጠሪያው ግን ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት «ጠግኜዋለሁ» አልኩት። ከሰዓት በኋላ እንደገና ጮኸ። ያኔ «አላወቅኩትም» ማለት ሞት መስሎ ታየኝ።

ስለዚህ አደረግኩት። የስዊቹን ሁለት ጫፎች በቁራጭ ሽቦ አገናኘሁ፤ ከእንግዲህ ፓምፑ ቢነድም አይቆምም። የደወሉንም ገመድ ነቀልኩ። ማን አዘዘኝ? ማንም። ለራሴ ስዊቹ ተበላሽቷል አልኩት። ስዊቹ ግን እውነቱን ነበር፤ የፓምፑ ማቀዝቀዣ በአቧራ ተደፍኖ ኖሯል። ከፍቼ አይቼ ነበር? አላየሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ ጄኔሬተሩ ጋ ቆሜ ሳለሁ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ሮጬ ስደርስ ፓምፑ ከግለቱ የተነሳ ውስጡ ተጣብቆ፣ መዞር አቅቶት ይጨሳል። በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ወዲያ ሆዷ የተከፈተ ወላድ ተኝታለች። ይህን አውቃለሁ። ታዲያ ወዴት ሮጥኩ? የትም። በመጀመሪያ መቆጣጠሪያውን አጠፋሁ። ቀጥዬ ሽቦዬን አወጣሁ። የደወሉን ገመድ መለስኩ። እሷ ትንፋሽ ስትፈልግ እኔ ወንጀሌን እያጸዳሁ ነበር። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

በበሩ መስታወት ሲስተር ኛቦልን አየኋት። ኛቦል ጋምቤላ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ ይልቅ የጠራ፣ የማደንዘዣ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ሁልጊዜ ጠዋት ከአልጋው ሥር በእግር የሚረገጥ ትንሽ መምጠጫ ታስቀምጥ ነበር። «ይሄ የልብስ ስፌት መኪና እስካሁን አልተጣለም?» እያልን እንስቅባት ነበር። ያን ቀን ጫማዋን አውልቃ እሱን ትረግጣለች። በአንድ እጇ የሴትዮዋን አገጭ ደግፋለች፤ በሌላው ቱቦውን አፏ ውስጥ ይዛለች። አልጮኸችም፤ ማንንም አልተሳደበችም። «እናንተ ልጁን አውጡ፤ እዚህ እኔ አለሁ» ስትል ሰማኋት። ሕፃኑ እስኪያለቅስ፣ እናትየው እስክትሰፋ ድረስ እግሯ አላረፈም። እናትም ልጅም ተረፉ። ኛቦል ስትወጣ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። በዕድሜዬ እንደዚያች ሴት ያለ ሰው አላየሁም።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ደወሉ ተሞከረ፤ በደንብ ጮኸ። እንግዲያው ያን ጊዜም ጮኾ ነበር ተባለ፤ ጥያቄው ቀዶ ጥገናው ክፍል ያሉት ለምን አልሰሙትም የሚል ሆነ። አብረዋት የነበሩት ሁለት ነርሶች ማልቀስ ጀመሩ። ኛቦል ተነሳች።

«የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ» አለች። «ጮኾ ካልሰማነው ጥፋቱ የእኔ ነው። እነሱን ተዉአቸው።»

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። እሷን ከኃላፊነት አንስተው ወደ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ላኳት፤ እኔን ፈጥኖ ደረሰ ብለው አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። በእጄ ጨብጬ ተቀበልኩ!

አንድ ቀን ፓምፑ ቤት ድረስ መጣች።

«ሙሃንዲስ፣ እስቲ ደወሉን አስጩህልኝ።»

አስጮህኩላት። ፓምፑ ቤት በር ላይ ቆማ፣ ከሕንፃው ውስጥ የሚመጣውን ጩኸት ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

«ይሄን ድምፅ ያን ቀን ጨርሶ አልሰማሁትም» አለች። «ጆሮዬ እየከዳኝ ይሆን?»

እየጠየቀችኝ ነበር፤ ከልቧ። «ድካም ይሆናል» አልኳት። ይህን የተናገረ አፍ የእኔ አፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግራት ጠጋ ትላለች። አስታማሚ የነገራትን መልሳ ትጠይቃለች። የበሽተኛ ትንፋሽ ስታዳምጥ አንዴ ሰምታ አታምንም፤ ሌላ ነርስ ጠርታ ታሰማለች። ጤነኛ ጆሮዋን እንድትጠራጠር ያደረግኳት እኔ ነኝ። ከፓምፑ ይልቅ ያቃጠልኩት ይህን ነው።

ሙቀቱን፣ ሥራ አስኪያጁን፣ ያልመጣውን ዕቃ ምክንያት አላደርግም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ነገ ጠዋት፣ ሥራ አስኪያጁም ነርሶቹም ባሉበት፣ ፊቷ ቆሜ የምለውን ግን እዚህ ልለማመደው፤ ድምፄ እንዳይጠፋብኝ።

ሲስተር ኛቦል፣ ጆሮሽ ደህና ነው። ደወሉ አልጮኸም።