ምላጭ እንዳይነካት

ማክሰኞ ከጎንደር ስንመለስ ሚኒባሱ ዳባት ላይ ቆመ። ሰው በመስኮት እየተንጠራራ የባቄላ እሸት ይገዛል። ልጄ ነጃት ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ አንቀላፍታለች፤ እኔ እጄን በነጠላዋ ስር አስገብቼ ዳሌዋ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ ተጭኛለሁ። ከዳሌዋ አጥንት ውስጥ ለምርመራ መቅኔ ቀድተው ነው የሸኙን። ነርሷ፣ "እናት፣ ጫን አድርገው ይያዙት፤ ደሙ ቶሎ አይቆምላትም" ብላኛለች።

ይቺን ቃል ከዚያ በፊትም ሰምቻታለሁ። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

ቤታችን ደባርቅ ነው። አባቴ አቡጀዴና ሻሽ እየያዘ ዛሪማና አዲ አርቃይ ገበያ ይወርዳል፤ እናቴ ሱቁን ትጠብቃለች። እህቴ ዘሀራ አሥራ ሰባት ሞልቷት ለአንድ የዳባት ነጋዴ ልጅ ታጭታ ነበር። ኒካው ገብሱ ታጭዶ ሲያበቃ ነው ተባለ። ጥቅምት ነበር፤ ማሳው ሁሉ ቢጫ ሆኖ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ጣት ይቆርጣል።

መጀመሪያ ክንዷ ላይ ነው የበለዘው። እናቴ አየችና ወደኔ ዞረች። "አንች ነሽ የቆነጠጥሻት!" እየማልኩ ተገረፍኩ። ዘሀራ ሳቋ መጣ፤ "ይበልሽ፤ ከዚህ በፊት ሳትገረፊ ላመለጥሽበት ይሁንልሽ" አለችኝ። ቀጥሎ ጭኗም በለዘ። መፋቂያ አፏ ስታስገባ ድዷ ይደማል። ከአገጯ ስር ባቄላ ባቄላ የሚያህል እብጠት ወጣ። ከምንጭ ውሃ ቀድተን ስንመለስ ሁለት ጊዜ ቁጭ ትላለች፤ ፊቷ ሰም መሰለ።

እናቴ ሱቅ የምትተውለት ሰው ስላልነበራት ሁለታችንን ክሊኒክ ላከችን። ድሬሰሩ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ፣ አንገቷን ዳበሰ፣ ጣቷን ወጋ። ከጣቷ የወጣው ደም አልቆም ብሎ ጥጥ በጥጥ ላይ ደረበ። ከዚያ ቆሜ የማየው እኔ ስለነበርኩ ለኔ ነገረኝ።

"የደም በሽታ ነው፤ ደሟ ቀጥኗል። ጎንደር ይውሰዷት። እስከዚያው ምላጭ እንዳይነካት፤ ደሙ ቶሎ አይቆምላትም። ለእናትሽ ልክ እንዲህ ብለሽ ንገሪ።"

ወደ ቤት ስንመለስ፣ መንገድ ዳር ያለው ባህር ዛፍ ጋ ስንደርስ ዘሀራ እጄን ያዘች።

"ጎንደር ሐኪም ቤት ገባች ከተባለ ዳባቶቹ ይተዉኛል። በሽተኛ ማን ያገባል? ኒካው ይለፍና እሄዳለሁ።"

"ታዲያ ለእማ ምን ልበላት?"

ትንሽ አሰበች። "ደም በዝቶባት ነው አለ በያት። ደም የበዛባት ልጅ ጤነኛ ናት፤ ማንም አይንቃትም።"

እኔም ቤት ገብቼ እንዲሁ አልኩ። እናቴ ፊቷ በራ። "አልሐምዱሊላህ! ደም ከሆነማ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዛሪማ የሚወግም ሰው አለ። ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ እንወርዳለን።"

ዋግምት ማለት በቀንድ ደም መሳብ ነው፤ ጀርባ ላይ ደፍተው ይስቡታል፣ ያበጠውን በምላጭ ጫር ጫር ያደርጉታል፣ መልሰው ይደፉታል፣ መጥፎው ደም ተስቦ ይወጣል ይባላል። ዘሀራ አየችኝ። እኔም አየኋት። ምላጭ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እናቴ ግን ወደኔ ዞራ፣ "አንችም ትሄጃለሽ፤ ትደግፊያታለሽ" አለችኝ። ሊማሊሞን አይቼው አላውቅም፤ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ቃሉን ዋጥኩት።

ሐሙስ ማለዳ ወረድን። ሾፌሩ ቀልደኛ ነበር። "ልጅ፣ ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ እኔም እጨፍናለሁ" ሲል እናቴ "ያ ረቢ!" ብላ በሩን ጨበጠች፤ ዘሀራ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያ ሳቅ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በየጠመዝማዛው ብርዱ እየቀለለ፣ አየሩ እየሞቀ ሄደ። ታች ስንደርስ ማሽላው ቆሟል፣ መሬቱ እንደ ምጣድ ይፋጃል። እናቴ ሎሚ ገዝታ ሰጠችን፤ ዘሀራ ድዷን ሲያቃጥላት ጊዜ የሷን ለኔ ሰጠችኝ። ሁለቱንም መጠጥኳቸው።

የሚወግሙት አዛውንት አያ ደሴ ይባላሉ። ቀንዳቸውን በሙቅ ውሃ አጠቡ፣ ምላጩን ከወረቀቱ አወጡ። ዘሀራን ገበታ መሰል ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። እኔ ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ። ጣቶቿ በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነበሩ። አያ ደሴ ጀርባዋን በምላጭ ጫር አድርገው የደፉትን የመጀመሪያ ቀንድ አነሱት። ወደ ፀሐይ አዘንብለው አዩት።

"ይኼ ደም አይደለም፤ ውሃ ነው" አሉ። "እመቤት፣ ይቺ ልጅ ደም በዝቶባታል ያለው ማነው?"

"የክሊኒኩ ድሬሰር።"

"ዓይን ያለው ሰው እንዲህ አይልም። ቀጭን ደም መሆኑን ብትነግሩኝ ምላጭ አላነሳም ነበር።"

እናቴ ወደኔ አላየችም። ልጅ ምን ታውቃለች ብላ ይሆናል።

ደሙ አልቆመም። የቡና ዱቄት ነሰነሱበት፤ ዱቄቱን ይዞ ወረደ። አመድ ጨመሩ፣ የእናቴን ሻሽ ቀደው አሰሩ፤ ሻሹም ራሰ። አያ ደሴ ራሳቸው መንገድ ላይ ወጥተው እጃቸውን እያወናጨፉ ወደ ላይ የሚወጣ መኪና አስቆሙልን። ጠዋት ዘሀራ በሳቀችበት መንገድ ከሰዓት በኋላ ወጣን፤ መኪናው እያቃሰተ፣ እናቴ ቁርዓን እየቀራች፣ የዘሀራ ጭንቅላት ጭኔ ላይ ሆኖ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"እማን አትንገሪያት" አለችኝ።

የደባርቅ ብርድ በመስኮት ሲገባ ሞታ ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ስንት ዓመት ኖረች። የዘሀራ ስም በተነሳ ቁጥር "እኔ ነኝ የወሰድኳት፣ በእጄ ነው ያስወገምኳት" ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅማለሁ። አልነገርኳትም። የሟች አደራ ነው እል ነበር፤ ፍርሃት መሆኑን ግን አውቀው ነበር። በዚያው ወደ መቃብሯ ሸኘኋት።

ለዚህ ነው የነጃትን ክንድ በልዞ ያየሁ ዕለት ያልተኛሁት። ለአባቷም፣ ለጎረቤትም፣ ለክሊኒኩም በአንድ ቀን ተናገርኩ። በማግስቱ ጎንደር ነበርን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትህትና ያለው። "በጊዜ ነው ያመጧት" አለኝ። ተደስቼ ሳልጨርስ፣ "ግን እናት፣ ይኼኛው ከባድ ዓይነት ነው የሚመስለው። መድኃኒት እንሞክራለን። ተስፋ ልሰጥዎ ግን አልችልም" አለ። የዘሀራን ነገር ነገርኩት። ያን ጊዜ ተናግሬ ቢሆን ትድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "እንጃ" አለኝ።

ዕድሜዬን ሁሉ፣ ብናገር ኖሮ እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ተናገርኩ። የተናገርኩትም ያልተናገርኩትም ወደ አንድ ቦታ የሚወስድ ከሆነ፣ ሰው ምን ይዞ እንደሚቆም አላውቅም።

ማታ ነጃትን አልጋዋ ላይ በጎኗ አስተኝቼ ጥጡን ተጭኜ ተቀመጥኩ።

"እማ፣ አክስቴ ዘሀራ በምን ነበር የሞተችው?"

ሁልጊዜ "በወባ" ነበር የምላት። ያን ቀን ሁሉንም ነገርኳት፤ ሎሚውን ሳይቀር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ ሰማችኝ። ስጨርስ ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች።

"እማ፣ ሰው ከጠየቀሽ እኔንም ወባ ነው በያቸው።"

እሺም እምቢም አላልኳት። ጥጡን ገልጬ አየሁት፤ ደሙ ከቆመ ቆይቷል። መልሼ ጫንኩት።