ቅቤ የተቀባው ቁርቁራ

ፀሐይ ያቀለጠው ቅቤ ሽታ ነበር፤ ዓሊዬ በልጅነቱ የሚያውቀው። ወሎ፣ ቃሉ፣ ከቤታቸው በላይ የቆመው የአድባር ዋርካ፣ ዝናብ ሲዘገይም ልጅ ሲወለድም ግንዱ ቅቤ እየተቀባ ስለኖረ፣ በቀትር በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ ያንን ሽታ በልብሱ ይዞ ይገባ ነበር።

ዕድሜው ከገፋ በኋላ ሪያድ፣ ሙረባዕ ከሚባል ሰፈር ካለ መናፈሻ አትክልተኛ ሆነ። እዚያም አንድ ግዙፍ ቁርቁራ አገኘ፤ አገሬው ሲድር የሚለው፣ ሰፈሩ ሁሉ የጭቃ ቤት ሳለ ጀምሮ የቆመ። ዓርብ ዓርብ ሐበሻው ጥላው ሥር ይሰባሰባል።

«አንተ ሰውዬ፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን፣ የሚያድስልህ ዛፉ ነው እንዴ? ከአሠሪህ፣ ከካፊልህ ይልቅ እሱን ትንከባከባለህ» ይለው ነበር የሥራ ባልደረባው ረድዋን።

«ካፊሌ ምን ጥላ አለውና ወንድሜ!»

በ2007 ዓ.ም. መናፈሻው ሊታደስ ሆነና ቁርቁራው ይቆረጥ ተባለ። ኃላፊው አብዱሰላም ግን እንቢ አለ። አያቱ ግመሎቻቸውን ከሥሩ ያሳርፉ እንደነበር እያስረዳ፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቶ፣ በቅርስነት ይጠበቅ አሰኘ።

ዓሊዬ ይህን ሲሰማ ደስታው አላስቀምጥ አለው። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ እናቱ ታደርግ እንደነበረው፣ ግንዱን በቅቤ አሸት አሸት አድርጎ «ኑርልን» አለው።

ቅቤውን ያዩ ሰዎች ግን «እዚህ ዛፍ ይመለካል» ብለው ለባለሥልጣናት አቤት አሉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አብዱሰላም እነ ዓሊዬ ወዳሉበት ዕቃ ቤት ገባ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ማነው የቀባው?»

ረድዋን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እኔ ነኝ፣ ሙዲር» አለ ዓሊዬ።

«አንተ? ከሁሉ ሰው አንተ?»

«በደስታ ነው። እኛ ዘንድ አንጋፋ ዛፍ ይከበራል እንጂ አይመለክም። ወላሂ፣ የምሰግደው ለአላህ ብቻ ነው!»

«እኔማ አውቅሃለሁ። እነሱን ማን ያስረዳልኝ? አሁን ቅርስ ነው ብል ጣዖት ጠባቂ እባላለሁ። ባለሥልጣኖቹ የፈቀዱትን መልሰው ሽረውታል። ነገ ይቆረጣል፤ ኸላስ።»

«በሳሙና አጥበዋለሁ። ካልሆነም ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተርሒል እስር ቤት አስገብተው ወደ አገሬ ይመልሱኝ። እሱን ብቻ ይተዉልኝ፣ ጌታዬ።»

አብዱሰላም ወደ በሩ ዞረ። ሲገባም ሲወጣም «አሰላሙ ዓለይኩም» ሳይል የማያውቅ ሰው፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ ያለ ሰላምታ ወጣ።