ሳሌህን የጨመርኩት እኔ ነኝ

እስካለፈው ወር ድረስ ይሄን ለነፍስ ተናግሬው አላውቅም። ደግሞ እኔን ብሎ ምስክር፤ የተወለድኩበትን ዓመት የማላውቅ ሴትዮ ፍርድ ቤት ምን ጥልቅ አደረገኝ?

ያኔ አረብ አገር፣ ብሬቃ ከተማ፣ ሙና ቤት አብሳይ ነበርኩ። ሙና ጠበቃ ናት፣ ሙሓሚ፤ ገና ልጅ ስለነበረች ጉዳዩን የሚሰጣት ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን እኔው አመጣሁላት። ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ፣ አሠሪዋ ቤት ሳምንት ሙሉ ተቆልፎባት ነበር። በሩ መቆለፉን ያየች አንዲት ጎረቤት ብቻ። ዳኛው ደግሞ፣ ምስክሯ ሴት ከሆነች ሁለት ይሁኑ አሉ። እኔም አይቻለሁ አልኩ። አላየሁም። እኔ በዚያ ሰፈር በዚያ ሳምንት ዝር አላልኩም።

ቁርኣን ይዤ ማልኩ። ማን ቆለፈው ሲሉኝ፣ ሳሌህ ነው፣ የቤቱ ዘበኛ፣ አልኩ። ለምን እሱን? የአሠሪዋን የሴትየዋን ስም መጥራት ፈራሁ። ሳሌህ ደሃ ነው፤ ደግሞ አረብኛዬን እያስመሰለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ በሰው ስቄ የማልጠግበው፣ ቢሳቅብኝ ሰው አሳሰርኩ።

ስድስት ወር ታሰረ። ዘይነባ ፓስፖርቷን ይዛ ወጣች፤ ሙናም ስሟ ተጠራ፣ ከፍ ከፍ አለች፣ ዛሬ የመንግሥት ዋና ጠበቃ ናት። ሳሌህ ሰላሕ አድ-ዲን በሚባለው ሰፈር ዓሣ ይሸጣል። ሰዉ እስካሁን «ቆላፊው» ይለዋል፤ ሴት ልጁን ሊድር ሲል እንኳ አነሱበት።

ይሄን ስሰማ አላስቻለኝም፣ ሙና ቢሮ ሄጄ አፈረጥኩት።  እሷም፣ «ኻላ፣ አክስቴ፣ እኔም ያኔ አጥብቄ አልጠየቅኩሽም። ማሸነፍ ፈልጌ ነበር» አለችኝ። ይሄ ቢወጣ ወንበሯን ሊያሳጣት ይችላል። ግን ፍርዱ እንደገና ይታይ ብላ በእጇ ጻፈች፤ እኔም አውራ ጣቴን አኖርኩበት። ወላሂ፣ ጣቴ ቀለም ሲነካ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ለዘይነባ ብዬ ነው አልልም። ዘይነባን ለማዳን በሩ መቆለፉን መመስከር ብቻ ይበቃ ነበር። ሳሌህን እኔ ጨመርኩ፤ እኔ፣ በገዛ ምላሴ። አላህም እሱም ይቅር ይበሉኝ፤ ሳሌህ ባይለኝም አልቀየመውም።

ነገ ራሴ ሄጄ ልነግረው ነው። ማታ ለጎረቤቴ ለረሕማ ብነግራት፣ ሩዟን እየለቀመች ቀና ሳትል፣ «በዓሣው ቢጠፈጥፍሽ አልገላግልሽም። ግን ብቻሽን አትሄጂም፣ በጠዋት አንኳኪልኝ» አለችኝ።