እህቴ የተወችው ግቢ

ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለውኝ ነበር። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ አንዱ ስመ ጥሩው አንጋፋ፣ ሌላው በምህንድስና የታወቀው አዲሱ። በከተማችን በሚዛን ወሬው እንደተሰማ ጎረቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነ። የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እንኳ ለሁለት ተከፈሉ። እኔ ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ። ገበያ ወርጄ ምንም ሳልገዛ እመለሳለሁ፤ ያለ ጉዳይ በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ሄጄ አቀበቱን በእግሬ እወጣዋለሁ።

የምፈልገው ሕግ መማር ነበር። ሕግ ያለው አንጋፋው ዘንድ ነው። አባቴ ግን የዚያን ግቢ ስም መስማት አይወድም። ታላቅ እህቴ እዚያ ገብታ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ቴፒ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ይዛ እዚያው ቀረች። አባቴ በቤንችኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዲሱ ይሻልሻል አለኝ።

ምርጫዬን የማሳውቅበት ቀን ሲቃረብ ቴፒ ሄድኩ። ቡና የሚለቀምበት ወቅት ስለነበር ሚኒባሱ በሠራተኛ ተሞልቷል። እህቴን ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ከመፈልፈያው ማሽን አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ወደ ጥላው ወሰደችኝና ውኃ ሰጠችኝ።

«አባረውሽ ነው?» አልኳት።

«ማንም አላባረረኝም። ክፍል ውስጥ ስናገር አነጋገሬን እየደገሙ ይስቁ ነበር። መጀመሪያ አብሬያቸው ሳቅኩ። ከዚያ መናገር ተውኩ። በመጨረሻ ትምህርቱም አልገባኝ አለ።»

«ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?»

«ይስቁ የነበረው እኮ በእሱ አነጋገር ነው። ምን ብዬ ልንገረው?»

ታዲያ ወደ አዲሱ ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የሚስቅ ሰው እዚያም አይጠፋም አለችኝ። ከዚያ ቦቲዋን አውልቃ፣ አለቃዋን አስፈቅዳ፣ አብራኝ ወደ ሚዛን መጣች።

ለአባቴ እራሷ ነገረችው። ሰምቶ ሲጨርስ ተነስቶ ጓሮ ወጣ። ቡናው መሃል ቆሞ ቅጠል ሲቆርጥና ሲጥል በመስኮት አየሁት። ሲመለስ ወደ እኔ አላየም። እህቴን፣ «አንቺ ታደርሻታለሽ» አላት።

አደረሰችኝ። አንጋፋው ግቢ በር ላይ ስንደርስ ግን ቆመች። ሻንጣዬን አስያዘችኝና፣ «እኔ እዚህ ይበቃኛል» አለች። ትንሽ እንድትገባ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ጥበቃው እየፈተሸኝ ዞር ስል መንገዱን ተሻግራ ታክሲ እየጠበቀች ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህሩ አስነስቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ስመልስ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም።

ሕጉን ወድጄዋለሁ። ቢሆንም አንዳንድ ቅዳሜ ልቤ አያርፍም። ታክሲ ይዤ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ እሄዳለሁ። ተማሪዎቹ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። ከመካከላቸው አንዷ መሆን እችል ነበር። አንድ ቀን ለእህቴ ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። እሷም አዲስ አበባ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ እየሄደች ወደ ሚዛን የሚሄደውን መኪና ታይ እንደነበር ነገረችኝ።