ከሻርፑ ሥር

ያን ዕለት ራቢአ እጇን ወደ አንገቷ የሰደደችው ሻርፑን ልትገልጠው ነበር ወይስ ልታጠብቀው? አላውቅም። ባሏ ዲኖም አያውቅም።

ራቢአ ሱሉልታ ውስጥ እህል ትነግዳለች። ገበያተኛው ዓይኑን አንገቷ ላይ ሲተክል ስለማትወድ እንቅርቷን ለዓመታት በሻርፕ ሸፍና ኖራለች። መዋጥ ሲያቅታት ነው ቡራዩ ሄዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት። ጠዋት ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሰላም ወጣች። ነርሷ ዲኖን፣ «አንገቷን እንዳትሸፍኑት። ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ሮጠህ ጥራኝ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ ከሱሉልታ ሚኒባስ ሞልቶ መጣ። ወንዶች ሲገቡ ዲኖን ልማድ ቀደመው፤ ሻርፑን አንስቶ እስከ አገጯ ጠመጠመላት።

«አካም ጂርታ፣ ራቢአ?» አሉ ጤፍ የሚያመጡላት ኦቦ ቢቂላ። «ዋጋ ስትከራከሪ ድምፅሽ ጫንጮ ድረስ ይሰማ የለ? ዛሬ ምን ዘጋሽ?»

ሰው ሳቀ።

«ይተዉአት፣ ኦቦ» አለ ዲኖ፤ «ብዙ አታውሪ ተብላለች።»

እጇ ወደ ሻርፑ የሄደው ያኔ ነው። ዲኖ የበረዳት መስሎት ይበልጥ አጠበቀላት።

ጎረቤቷ ትጊ ውሃ ልታቀምሳት ጎንበስ ስትል ጮኸች። «ዲኖ! ከንፈሯ ጠቁሯል እኮ!» ሻርፑን ገፈፈችው። አንገቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ነርሷ ሐኪሙን አስከትላ ሮጣ ገባች። ሐኪሙ እዚያው አልጋው ላይ ስፌቱን በጠሰው፤ የረጋ ደም ተዘረገፈ፤ ራቢአ እያቃሰተች አየር ሳበች። አልጋዋን እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መለሷት።

ዲኖ ሻርፑን እንደ ጨበጠ በር ላይ ቀረ። «በእጄ አነቅኳት፣ በእጄ» ይላል። ኦቦ ቢቂላ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወለሉን ያያሉ።

ሐኪሙ ሲወጣ፣ «ያደማት ሻርፑ አይደለም» አለው። «አንዱ የደም ሥር የታሰረበት ክር ተንሸራቶ ነው። ሻርፑ እብጠቱን ደበቀብን።» እንደገና አጥብቆ አስሮታል። ጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች በኤሌክትሪክ ተኩሶ ዘግቷል፤ ለድምፅ ነርቩ የቀረበውን ግን ሙቀቱ ነርቩን እንዳይጎዳው ፈርቶ በጎዝ ጨርቅ ተጭኖ ደሙ እስኪቆም ጠብቋል። ከመስፋቱ በፊትም ሳንባዋን በአየር አስነፍቶ፣ ግፊቱ ሲጨምር ደም የሚያዥ ሥር እንዳለ አይቷል።

«ድምጿስ?»

«ገና አላውቅም።»

ራቢአ ከነቃች በኋላ መተኛት እምቢ አለች። ዓይኗ በተከደነ ቁጥር በርግጋ ትነሳለች። አንገቷን የገባ የወጣው ያየዋል፤ አልሸፈነችውም። በማግስቱ የዲኖን እጅ ይዛ፣ በሻከረ ድምፅ፣ «ዓይንህን ከአንገቴ እንዳታነሳ» አለችው። የዙህር አዛን ሲያበቃ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።