ለእኔና ለውሻዬ የሚሆን አንድ ክፍል

ቡታጅራ በመምህርነት ተመድቤ ስሠራ፣ ያከራዩኝ ሰውዬ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ ክፍሏን ለሙሽሮቹ እንደሚፈልጓት ነገሩኝ። እስከ እሁድ ልቀቅልን አሉኝ። በዚያው ሳምንት ያበደ ውሻ ሕፃን ነክሶ ኖሮ፣ ከሰኞ ጀምሮ ግቢ የሌለው ውሻ ሁሉ በመርዝ እንደሚገደል በድምፅ ማጉያ ተነገረ። እኔ ደግሞ ውሻ አለኝ። ሰው ቤት ቢያጣ ወዳጅ ጋ ይጠጋል፤ ውሻ የት ይጠጋ?

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከደላላ ጋር መዞር ሆነ ሥራዬ። ደላላው ስለ ውሻው ትንፍሽ እንዳልል መከረኝ። መጀመሪያ አልጋህን አስገባ፣ ውሻው በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል አለኝ። ተናደድኩ። እሱ ምን ቸገረው! ሲጮኽ ምን ልል ነው፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው ልበል?

የሄድንበት ሁሉ ፊቱን የሚያበራው እኔን ሲያይ ነው፤ የሚያጠቁረው ውሻውን ሳነሳ ነው። አንድ ሐጂ ንጹሕ ክፍል ከፍተው አሳዩኝና፣ ነገሩን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። እኛ የምንሰግድበት ግቢ ነው፣ ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም፣ ወላሂ አንተን ጠልቼ አይደለም አሉኝ። እኚህስ ምን ይባላሉ? የሚቀጥሉት ዶሮ አላቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ደግሞ ውሻ የሚባል ነገር ራሱ አይወዱም። እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ።

ፈራሁ፤ ምኑን እደብቃለሁ። ውሻዬን በገመድ ይዤ ስሄድ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። ሥጋ ቤት ደጃፍ የወደቀች ቁራጭ ሁሉ መርዝ ትመስለኛለች። እሱ ደግሞ ሆዳም ነው፣ ያገኘውን ይልሳል። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እንኳ ገመዱን በጥሶ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ደላላው ከተማው ዳር አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ቤት ወሰደኝ። ሰፊ ግቢ ነው፣ ጓሮው እንሰት። በቅርቡ ሌባ አጥር ዘሎ በጎቻቸውን ነድቶባቸዋል። ሴትዮዋ ከእኔ በፊት ያዩት ውሻውን ነው። ይጮኻል ወይ አሉ። ጎረቤት አያስተኛም አልኳቸው። የተረፈ ቆጮ አምጥተው ጣሉለት፤ ጭራውን እየቆላ በላ። እፎይ አልኩ። አልጋዬን በየት በኩል እንደማደርግ ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ባለቤትህ መቼ ነው የምትመጣው አሉኝ በዚህ መሀል። ላጤ ነኝ አልኳቸው። ደላላው ይህን አልነገራቸውም ኖሯል። ደላላውን ገላመጡትና፦

«አትቀየመኝ ልጄ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴት ልጆች አሉኝ። ላጤ ባስገባ አገሩ ምን ይለኛል? ውሻው ግን ይግባ» አሉኝ።

ጉድ እኮ ነው! ከተማው በሙሉ በእሱ ሰበብ እኔን ሲመልስ ከርሞ፣ በእኔ ሰበብ መለያየታችን ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ግን ሰኞ ደርሷል። ገመዱን ሰጠኋቸው።

በሩ ሲዘጋ ውሻዬ ቆርቆሮውን መቧጠጥ ጀመረ። ድምፄን ቢሰማ ይብስበታል ብዬ አልጠራሁትም። ሴትዮዋ ከውስጥ ሆነው፣ ሂድ እንጂ፣ አንተ እዚያ ቆመህ እንዴት ይልመድ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሄድኩ። ደላላው ሮጥ ሮጥ ብሎ ደረሰብኝና ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«አይዞህ መምህር» አለኝ፤ «አሁን እኮ ብቻህን ነህ፣ ያሰኘህ ቤት ትገባለህ።»